የማካሮቭ ብረት፣ የግሎክ ናይለን

ቦሌ ቡልቡላ የሚኖር ሰው ከአውሮፕላን ድምፅ ጋር ተላምዷል። ሰፈሩ ከአየር ማረፊያው በስተደቡብ ስለሆነ የሚነሣውም የሚያርፈውም ከኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ይታያል። ከሚታዩት መካከል ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 አለ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው አውሮፕላን። የዚህ አውሮፕላን አካል ሲመዘን ግማሽ ያህሉ ብረትም አሉሚኒየምም አይደለም፤ በካርቦን ክር የተጠናከረ ፕላስቲክ ነው። እናቱን ወደ ውጭ የሚሸኝ ልጅ ግን ‹‹ፕላስቲክ ላይ አሳፈርኳት›› ብሎ አይጨነቅም።

ወሬው ወደ ሽጉጥ ሲዞር ፍርዱ ይለወጣል። በዚሁ ሰፈር ከሠራዊቱ በጡረታ የተሰናበቱ መኮንኖች፣ የባንክና የሕንፃ ጥበቃዎች፣ ከአሜሪካ ተመልሰው ቤት የሠሩ ሰዎች ይኖራሉ። አንድ ቡና ላይ ከተገናኙና የመሣሪያ ነገር ከተነሣ ክርክሩ የታወቀ ነው። ትልቅየው የሶቪየቱን ማካሮቭ ያነሣሉ፤ ‹‹ብረት ብረት ነው፤ ይሄ የእናንተው የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስለው›› ይላሉ። ግሎክ የሚባለውን ባለ ናይለን ሽጉጥ የለመደው፣ ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ ‹‹ጋሼ፣ እዚያ ፖሊሱ ሁሉ የሚታጠቀው እኮ ይሄንኑ ፕላስቲክ ነው›› ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት። ጥያቄው ግን ከሥሩ ተዛብቷል። ሽጉጥ ከምን ተሠራ ከማለት በፊት የትኛው ክፍሉ ማለት ይቀድማል። ይህን ያልጠየቀ ሰው መሣሪያን በክብደቱ ይመዝናል፤ ክብደት ደግሞ በአገራችን ሰው የሚጎዳ ማታለያ ሆኗል። እዚያ ለመድረስ ከአሮጌው ብረት እንጀምር።

በታሪካችን ስሙ የገነነው ሽጉጥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ የነበረው ነው። ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ስጦታ ነበር፤ ያደረሰላቸውም ቆንስሉ ካሜሩን ነው። ከዚያ ወዲህ የሽጉጡ ዓይነት የሚለዋወጠው ከመንግሥቱ ወዳጅና ጠላት ጋር ነው። በ1928 ዓ.ም. የገባው የፋሺስት ጦር ቤሬታ ሞዴል 1934 ታጥቆ ነበር። ከእነዚያ መካከል ዛሬም በየቤቱ በቅርስነት የተቀመጠ ካለ ጎኑን ላየው ሰው ታሪክ ይነግረዋል፤ የተሠራበት የአውሮፓ ዓመት አጠገብ በሮማ ቁጥር ሌላ ዓመት ተቀርጿል። እሱ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ የሚቆጠረው የፋሺስት ዘመን ነው። 1937 የተጻፈበት ሽጉጥ አጠገቡ ብዙ ጊዜ በሮማ ቁጥር 15 ይኖረዋል።

ከድል በኋላ ተራው የአሜሪካ ሆነ። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ሲዘምት በአሜሪካ መሣሪያ ተዋጋ፤ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ ከአሜሪካ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ተፈረመ። የዚያን ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሽጉጥ ኮልት 1911 ነበር፦ ባዶውን 1.1 ኪሎ የሚመዝን፣ ሙሉ በሙሉ አረብ ብረት፣ ሰባት ጥይት የሚጎርስ። ‹‹ኮልት›› የሚለው ስም ዛሬም ከፖሊስ ዜናችን አልጠፋም። በ1970 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሲፋፋም ደግሞ የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ጎረፈ፤ ማካሮቭም በሰፊው ከተማ የገባው ከዚያ ዘመን ጋር ነው።

ስለ ማካሮቭ ስጽፍ ቴክኒኩን ብቻ መጻፍ አልችልም። በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ይህን ሽጉጥ መጀመሪያ ያየው በጦር ሜዳ አይደለም፤ በቀበሌ አዳራሽ፣ ከካድሬው ወገብ ላይ ኮቱን ከፍ አድርጎ ነው። ስሙ ሲጠራ የሚታወሰው ሰው ያለው ቤተሰብ ብዙ ነው። መሣሪያን ስናነጻጽር ይህ መዘንጋት የለበትም፤ በወንድማችን ደረት ላይ ብረቱም ናይለኑም የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው።

ኒኮላይ ማካሮቭ የነደፈውን ይህን ሽጉጥ የሶቪየት ጦር እ.ኤ.አ. በ1951 ተቀበለው። ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፤ ካዝናው ስምንት ጥይት ይይዛል። አንድ ፈቃድ ያላቸው ጡረተኛ መኮንን ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ሲፈቱት አይቻለሁ። ካዝናውን ከእጀታው ሥር አወጡ። የላይኛውን ክፍል ወደ ኋላ ስበው ጥይት አለመጉረሱን በዓይናቸው አዩ፤ ዓይናቸውን አላመኑትም መሰል በትንሿ ጣታቸው ደገሙት። ቃታውን የከበበውን ቀለበት ወደ ታች ሳብ ሲያደርጉት የላይኛው ክፍል ወደ ኋላና ወደ ላይ ብድግ ብሎ ወጣ። መፍቻ አላስፈለጋቸውም። ጋዜጣው ላይ የቀረው ገላው ነው፦ አፈሙዙ ከገላው ጋር አብሮ እንደተፈጠረ ተተክሎ፣ ሞላው አፈሙዙ ላይ ተጠምጥሞ።

አጠገባቸው የተቀመጠው የእህታቸው ልጅ የእጀታውን ቡናማ ሽፋን፣ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የታተመበትን፣ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

‹‹ጋሼ፣ ይሄስ ከምንድን ነው?››

‹‹እሱማ ፕላስቲክ ነው፤ ባኬላይት ነው የሚሉት።››

‹‹ታዲያ የእርስዎም ፕላስቲክ አለበት ማለት ነው።››

‹‹እጅ የሚይዘው ነው እንጂ እሳት የሚነካው አይደለም›› አሉ።

መልሱ ከዚህ ሌላ አይደለም። የግሎክ ፋብሪካ መሐንዲስም ቢጠየቅ ከዚህ የተለየ አይናገርም። የሚቀረው እሳቱ የት እንዳለ ማወቅ ነው።

ቃታው ሲሳብ መምቻው የቀለሁን ቂጥ ይመታል፤ ባሩዱ ይነድዳል፤ ጋዙ መውጫ ሲያጣ እርሳሱን በአፈሙዙ በኩል ይገፋዋል። ዛሬ በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የተሰራጨው የሽጉጥ ጥይት 9 በ19 ሚሊ ሜትር የሚባለው ነው፤ በቀለሁ ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 2,350 ባር ነው። የምንተነፍሰው አየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል። የማካሮቭ ጥይት፣ 9 በ18፣ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ 1,600 ባር ገደማ ነው። (ሁለቱንም ሰው ‹‹9 ሚሊ›› ብሎ ይጠራቸዋል፤ ግን አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። የማካሮቭ እርሳስ ውፍረቱ 9.27 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሌላው 9.02 ነው።) ይህን ግፊት የሚሸከሙት ሁለት አካላት ናቸው፦ እርሳሱ የሚያልፍበት አፈሙዝና ከቀለሁ ጀርባ ቆሞ ወደ ኋላ እንዳይወረወር የሚይዘው የላይኛው ተንሸራታች ክፍል። በማካሮቭም በግሎክም ሁለቱ አረብ ብረት ናቸው። ፕላስቲክ አፈሙዝ ያለው ግሎክ ተሠርቶ አያውቅም።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚያ በታች ነው። ማካሮቭ ውስጥ አፈሙዙንና ተንሸራታቹን የሚቆልፋቸው ነገር የለም። ቀለሁ ወደ ኋላ ሲገፋ የሚያዘገየው የተንሸራታቹ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። ስለዚህ ተንሸራታቹ መክበድ አለበት፤ አፈሙዙም ገላው ላይ በጥብቅ ስለተተከለ ገላው ብረት መሆኑ የግድ ያህል ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጥቂት ክፍል፣ ጥቂት ብልሽት። ይህ ቀላልነት ግን የሚያዋጣው ጥይቱ ደካማ ሲሆን ነው። ጠንካራውን 9 በ19 በዚህ ዘዴ ለመያዝ ተንሸራታቹ ለወገብ የማይመች ክብደት ይጠይቃል።

ግሎክ የተከተለው ከአሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ የወረደውን ሌላ መንገድ ነው። ጥይቱ ሲተኮስ አፈሙዙና ተንሸራታቹ ተቆላልፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር አብረው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። እርሳሱ ወጥቶ ግፊቱ ሲወርድ የአፈሙዙ ጀርባ ዝቅ ይልና ቁልፉ ይፈታል፤ ተንሸራታቹም ብቻውን ጉዞውን ይቀጥላል። ትልቁ ጉልበት ብረት ከብረት ጋር ተያይዞ እዚያው ላይ ያልቃል። ለገላው የሚተርፈው በሞላ የተለዘበ ግፊት ነው፤ ተንሸራታቹ የሚሄድበትም አራት ትንንሽ የብረት ሐዲዶች ናይለኑ ውስጥ ተቀብረዋል። ብረቱ ከባዱን ሥራ ለራሱ ስለያዘ ገላው ከብረትነት ነፃ ወጣ።

ነፃ የወጣው ገላ መጀመሪያ የሞከረው አሉሚኒየምን ነበር። አሉሚኒየም በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ይመዝናል፤ አረብ ብረት 7.8። ክብደቱ ወደ ሲሶ ወረደ ማለት ነው፤ ዋጋ ግን አስከፍሏል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተቋቋመው የምዕራብ ጀርመን ጦር የያዘው ፒ1 ሽጉጥ የአሉሚኒየም ገላው እየተሰነጠቀ ስላስቸገረ በኋላ ባለ ስድስት ማዕዘን የብረት ካስማ እንዲሰካበት ተደርጓል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 ኮልትን ጥሎ የተቀበለው ቤሬታ 92ም የአሉሚኒየም ገላ ነበረው፤ በ2017 ለፕላስቲክ ቦታውን መልቀቅ እስኪጀምር ድረስ ሠላሳ ዓመት አገልግሏል።

ናይለን በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የተፈጠረው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። በ1959 ሬሚንግተን ኩባንያ ከእንጨት ሰደፍ ይልቅ ናይለን የለበሰ ጠመንጃ ለገበያ አቀረበ፤ አዳኞች ሳቁበት፤ ግን ተሸጠ። በ1970 የጀርመኑ ሄክለር ኮህ ቪፒ70 የተባለውን፣ ገላው ፕላስቲክ የሆነውን የመጀመሪያ ሽጉጥ አወጣ። ቃታው እጅግ ከባድ ስለነበር ብዙ ወዳጅ አላፈራም። ነገሩን የለወጠው ከሽጉጥ ሙያ ውጭ የነበረ ሰው ነው። ኦስትሪያዊው ጋስተን ግሎክ የመጋረጃ ዘንግና የወታደር ቢላ ሲሠራ የኖረ ነው፤ የኦስትሪያ ጦር አዲስ ሽጉጥ እንደሚፈልግ ሲሰማ ሙያተኞች ሰብስቦ ነደፈ፤ ጦሩም በ1982 ተቀበለው። ባዶውን፣ ያለ ካዝናው፣ 630 ግራም አካባቢ፤ በካዝናው 17 ጥይት። ከማካሮቭ ቀልሎ፣ ጥይቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ማምረቻው ነው ትልቁ ለውጥ። የብረት ገላ ከተቀጠቀጠ ድፍን ብረት ላይ በማሽን እየተፋቀ፣ እየተበሳ፣ እየተላገ ነው የሚወጣው፤ አብዛኛው ብረት ፍቅፋቂ ሆኖ ወለል ላይ ይቀራል። የናይለኑ ገላ ግን ጥራጥሬው ቀልጦ በግፊት ሞልድ ውስጥ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ይወጣል። አዲስ አበባ ዙሪያ የፕላስቲክ ወንበር የሚያመርቱ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ይኸው ነው። የተለየው ጥራጥሬው ነው። ብዙ የሽጉጥ ፋብሪካዎች በናይለኑ ውስጥ አጫጭር የመስታወት ክሮች ይቀላቅላሉ። የጭቃ ቤት የመረገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጭቃው ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ጭድ ሲገባበት ስንጥቁ መንገድ ያጣል። ክብደቱ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.4 ግራም ገደማ ነው፤ የአረብ ብረት አምስተኛ እንኳ አይሞላም።

እዚህ ላይ ትልቅየው በድል አድራጊነት የሚያነሡት ነጥብ አለ፤ ቀላል ሽጉጥ ይመታል ይላሉ። እውነት ነው፤ በቁጥርም ይታያል። የእርሳሱ ክብደት በፍጥነቱ ሲባዛ የሚገኘውን ለሽጉጡ ክብደት ብናካፍል ሽጉጡ ወደ ኋላ የሚወረወርበትን ፍጥነት እናገኛለን። የባሩዱን ጋዝ ለጊዜው እንተወው። ማካሮቭ 6 ግራም እርሳስ በሰከንድ 315 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ራሱ ባዶውን 0.73 ኪሎ ነው፤ ውጤቱ በሰከንድ 2.6 ሜትር። ኮልት 1911 15 ግራም እርሳስ በ250 ሜትር ይልካል፤ ክብደቱ 1.1 ኪሎ ስለሆነ 3.4 ይወጣል። ግሎክ 8 ግራም በ360 ሜትር ይልካል፤ ከባዶ ካዝናው ጋር 0.7 ኪሎ ብንለው 4.1 ይሆናል። ማካሮቭ የለመደ እጅ ግሎክ ሲተኩስ መደንገጡ አያስገርምም።

ቁጥሩ ግን ሌላም ነገር ይናገራል። አንዱ 9 በ19 ጥይት 12 ግራም ያህል ነው፤ አሥራ ሰባቱ 200 ግራም ይሆናሉ። ስለዚህ ካዝናው የሞላ ግሎክ 0.9 ኪሎ ይመዝናል፤ የመጀመሪያው ተኩስ የመወርወር ፍጥነት ወደ 3.2 ይወርዳል፣ ከባዶው ኮልት ያነሰ ማለት ነው። ጥይቱ እያለቀ ሲሄድ ሽጉጡም እየቀለለ ምቱም እየጠነከረ ይሄዳል። ደግሞም ናይለን ጥቂት ይተጣጠፋል፤ ምቱን በአንዴ ለእጅ ከማቀበል ይልቅ በትንሹ አሰንብቶ ያቀብለዋል። እጀታው ከአፈሙዙ ምን ያህል ዝቅ እንደሚልም ልዩነት አለው፤ አፈሙዙ ለእጅ ሲቀርብ አፍንጫው ብዙ አይነሣም። ይህን ሁሉ በሚዛን ብቻ የሚለካ ሰው ይስታል።

በአየር ጠባዩ በኩል ናይለኑን እመርጣለሁ። የአዲስ አበባ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ብረት ይፈትናል፤ የሰው ላብ ደግሞ ከዝናብ ይብሳል፣ ጨው አለበት። ወገብ ላይ የዋለ የብረት ሽጉጥ ባለቤቱ ካልወለወለው እጀታው ሥር በቀናት ውስጥ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ናይለን አይዝግም። ግን ከአየሩ ጥቂት እርጥበት ይመጥጣል፤ ውስጡ ያሉት ሞላዎችና ካስማዎችም ብረት ስለሆኑ ዘይት ይፈልጋሉ። ‹‹ፕላስቲክ ነው፣ ጥገና አይሻም›› ብሎ የሚያኖረው ሰው አንድ ቀን የማይተኮስ ሽጉጥ ይገጥመዋል። ፀሐይን በተመለከተ ፋብሪካዎቹ ጥቁር የካርቦን ዱቄት ይቀላቅሉበታል፤ ጥቁሩ ቀለም ለውበት ብቻ የገባ አይደለም፣ ናይለኑን ከሚያደርቀው ጨረር ይከላከላል። ሙቀትንም ለሚፈሩ፣ ናይለን የሚቀልጠው ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። የአፋር በረሃ ውስጥ የቆመ መኪና እንኳ ወደዚያ አይጠጋም።

ለአየር ማረፊያው ጎረቤት ለሆነ ሰፈር ደግሞ መነሣት ያለበት አንድ ተረት አለ፤ ፕላስቲክ ሽጉጥ ፍተሻ ያልፋል የሚል። ተረቱ የእኛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ግሎክ ሲገባ ጋዜጦች አስፈሪ ዜና አወጡ፤ ምክር ቤቱም እ.ኤ.አ. በ1988 በብረት መፈለጊያ የማይታይ መሣሪያን የሚከለክል ሕግ አጸደቀ። በ1990 የወጣው ዳይ ሃርድ 2 ፊልም ደግሞ በሸክላ ተሠርቶ ፍተሻ የሚያልፍ ‹‹ግሎክ 7›› የሚባል ሽጉጥ ፈጠረ፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም። ሕጉ ያስቀመጠው መለኪያ 105 ግራም ያህል ብረት ነው። የግሎክ ተንሸራታችና አፈሙዝ ብቻቸውን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ፤ የሽጉጡ ክብደት አብዛኛው ብረት ነው። ቦሌ ላይ በኤክስሬይ ቀበቶው ላይ ቢያልፍ ማያው ላይ የሚወጣው ግልጽ የሽጉጥ ቅርጽ ነው።

ከቁሱ ይልቅ ሕይወት የሚያስከፍለው ልዩነት ቃታው ላይ ነው። ማካሮቭ በተንሸራታቹ ግራ ጎን መቆለፊያ አለው፤ ወደ ላይ ሲገፋ መምቻውን በደኅና አውርዶ ይቆልፈዋል፣ ተንሸራታቹም አይንቀሳቀስም። የእሱ ታላቅ ወንድም፣ ቀዳሚው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭ፣ እንዲህ ያለ መቆለፊያ አልነበረውም፤ መምቻውን በግማሽ ማስቆም ብቻ ነበር። ግሎክ ላይም የሚገፋ መቆለፊያ የለም። ሦስት መከላከያዎች አሉት፣ አንዱ ቃታው ላይ፣ ሁለቱ ውስጡ ናቸው፤ ሽጉጡ ቢወድቅ እንዳይተኩስ ያደርጋሉ፣ ቃታው ሲሳብ ግን ሦስቱም ተከታትለው ይለቃሉ። ለሠለጠነ እጅ ይህ ፍጥነት ነው። ጣቱን ቃታ ላይ አሳርፎ ለሚሄድ፣ ወይም ሽጉጡን ያለ አፎት ሱሪው ውስጥ ለሚሻጥ ሰው ግን አደጋ ነው። ዕድሜውን በማካሮቭ የኖረ ሰው አውራ ጣቱ ሳያስበው መቆለፊያውን ይፈልጋል፤ ግሎክ ላይ አያገኘውም። ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ይህ ልዩነት ከብረትና ከናይለን ክርክር ሁሉ ይበልጣል፤ አንድ ሕፃን የሶፋ ትራስ ሥር የሚያገኘው ሽጉጥ ከምን እንደተሠራ አይጠይቅም።

አሁን ወደ ማታለያው። የፖሊስ ዜና የሚከታተል ሰው ‹‹ቱርክ ሠራሽ ሽጉጥ›› የሚለውን ሐረግ ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ በተሽከርካሪ አካል ውስጥ ተደብቆ ተያዘ የሚባለው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በዚህ አንድ ስም ግን ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮች ይጠራሉ። ቱርክ ከሳምሱንና ከትራብዞን ፋብሪካዎቿ እውነተኛ ሽጉጥ ለዓለም ትሸጣለች፤ ብረቱም ናይለኑም አላት። ሁለተኛው ዓይነት ሲፈጠር ጀምሮ ለጩኸት የተሠራ ነው፤ እርሳስ የሌለው፣ ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ጥይት የሚተኮስበት፣ አፈሙዙ የተዘጋ። በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት የቱርክ ሽጉጦች መካከል በርካታዎቹ ከዚህኛው ዘር ናቸው፤ በሕገ ወጥ መንገድ ተለውጠው እውነተኛ ጥይት እንዲጎርሱ የተደረጉ።

የእነዚህ ገላ ብዙ ጊዜ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ዚንክ 96 በመቶ ያህል፣ አሉሚኒየም 4 በመቶ ያህል። ዚንክ የጣሪያ ቆርቆሯችንን ከዝገት የሚጠብቀው ብረት ነው፤ ለዚያ ሥራ ድንቅ ነው። ቅይጡ የሚቀልጠው 385 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ በርካሽ ይጣላል፤ ለአሻንጉሊት መኪናና ለበር እጀታ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ክብደቱ ነው ጉዱ፦ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 6.7 ግራም፤ ከአረብ ብረት ብዙም አይርቅም። ጥቁር ቀለም ሲቀባ እጅ ላይ ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ሲያንኳኩት ድምፁ የብረት ነው። ‹‹ብረት ብረት ነው›› ብሎ ላደገ ሰው ከግሎክ ይልቅ ይህ እውነተኛ ሽጉጥ ይመስለዋል።

ቅይጡ ግን እንደ አረብ ብረት አይለጠጥም። አረብ ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጫን መጀመሪያ ይጎብጣል፣ ምልክት ይሰጣል፤ የዚንክ ቅይጥ ድንገት ይሰነጠቃል። ለዓመታት ሞላ ሲጫነውም ቀስ በቀስ ቅርጹን ይለውጣል። ሊሸከመው ያልታሰበ ግፊት ውስጡ ሲፈነዳ የሚበታተነው የተኳሹ ፊትና ጣቶች አጠገብ ነው። ከማካሮቭም ከግሎክም ይልቅ የምፈራው ይህንን ነው። አንድ ወጣት ለራሱ መጠበቂያ ብሎ ያለውን ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛው ሽጉጥ መጀመሪያ የሚጎዳው እሱን ሊሆን ይችላል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝንም መነገድንም ወንጀል አድርጎታል፤ ገዢው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስበው ስለ እስሩ ብቻ ነው፣ በእጁ ስለያዘው ቅይጥ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም።

ቁሱ መለወጡ ለሚመዘግበው መንግሥትም የራሱን ጣጣ አምጥቷል። ኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የናይሮቢ ፕሮቶኮልን ከፈረሙት የአካባቢው አገሮች አንዷ ናት፤ ፕሮቶኮሉ እያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ምልክት እንዲኖረው ያዛል። በማካሮቭ ላይ ይህ ቀላል ነበር። ቁጥሩ ገላው ላይ በጥልቀት ተመትቷል፤ ወደ አገር ያስገባው ተቋም ሌላ ምልክት ሊጨምር ቢፈልግ ብረቱ ቦታ አያጣም። ናይለን ላይ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የሚመታ ምልክት ግን አይጸናም፤ ይፋቃል፣ ይቀልጣል። ፋብሪካዎቹ መላ የዘየዱት ገላው ሲቀረጽ ትንሽ የብረት ሳህን ውስጡ በመቅበርና ቁጥሩን እሷ ላይ በመጻፍ ነው፤ ግሎክ ላይ ከአፈሙዙ በታች፣ ከገላው ሥር ትታያለች።

አንዳንዱ ሽጉጥ ከዚህም አልፏል። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ቤሬታውን የተካበት የሲግ ኩባንያ ፒ320 ገላው ጨርሶ ቁጥር የለውም። በአሜሪካ ሕግ ‹‹ሽጉጥ›› የሚባለው ቃታውና አጋሮቹ የተሰካኩባት፣ ከእጀታው ውስጥ ተስባ የምትወጣ ትንሽ የብረት ሳጥን ናት። በእጅ የሚያዘው ትልቁ ክፍል እንደ መለዋወጫ ይቆጠራል፤ ዛሬ ጥቁር፣ ነገ የአሸዋ ቀለም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእኛም አገር መሣሪያ የሚመዘግብ ሰው ዓይነቱንና ቀለሙን ጽፎ ማለፍ አይበቃውም። በማካሮቭ ገላው ላይ፣ በግሎክ ሳህኗ ላይ፣ በፒ320 ውስጥ ባለችው ሳጥን ላይ ቁጥሩን ማንበብ አለበት። በግሎክ ተንሸራታችና አፈሙዝ ላይ የተደገመውንም ቁጥር ከሳህኗ ጋር ማመሳከር አለበት፤ ሁለቱም ከሌላ ግሎክ ተነቅለው ሊገጠሙ ይችላሉና።